ሰማያዊው ቧንቧ

ስለ ጓደኛዬ፣ «ውዴ ሀብት ላይ ወደቀች» የሚሉኝን ሰዎች እስከ ዛሬ ችዬ ኖሬአለሁ፤ ከእንግዲህ ግን አልችልም። ሐይቅ ዳር ሆቴልና ሁለት ጀልባ ያለው ሰው ስላገባች ብቻ ከተማው ዕጣ እንደወጣላት ያወራል። ባሕር ዳር ደግሞ ወሬ ከጀመረች አትመለስም። አንድ ቀን ወደ ፋሲሎ በምትሄድ ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች፣ «የመሸንቲዋ ልጅ ቁጭ ብላ ልትበላ ነው» ሲባባሉ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። ከመውረዴ በፊት የሚገባቸውን ነግሬአቸዋለሁ።

የብርጓል እባላለሁ። ከውዴ ጋር በአንድ ኮሌጅ መዝገብ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠን ስንሠራ ዘጠኝ ዓመታችን ነው። አዎ፣ ቁጭ ብላ የምትበላዋ ሴት ሥራዋን አልተወችም። ጎህ ሲቀድ ተነስታ የልጅ ምሳ ትቋጥራለች፣ የሆቴሉ አንሶላ መታጠቡን ታያለች፣ ከወጥ ቤቱ ሠራተኞች ጋር ትጨቃጨቃለች፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከእኔ ቀድማ ቢሮ ትገኛለች። ይህን ነው እንግዲህ ሀብት የሚሉት።

ውዴ እናቷ መሸንቲ ገበያ ነጭ ሽንኩርት እየሸጠች ያስተማረቻት ሴት ናት። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ሳቋ ከሦስተኛው ቢሮ ይሰማል፤ ኃላፊያችን ስለ እሱ ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ሊጽፍባት ፈልጎ አፍሮ ተወው። የምሳ ሰዓታችንን የምናሳልፈው በቴሌግራም የሚለቀቁ፣ ከሩቅ ምሥራቅ የተተረጎሙ ተከታታይ ልብ ወለዶች በማንበብ ነበር። ነገራቸው ሁልጊዜ አንድ ነው። አንዲት ምስኪን ሴት መኪና ይገጫታል፤ ዓይኗን ስትገልጥ በሌላ ሴት ገላ ውስጥ፣ በሀብታም ቤት፣ በሐር አንሶላ ላይ ተኝታለች። ባልየው ቆንጆና ኩሩ ነው፤ የእንጀራ ልጆቿ ተንኮለኞች ናቸው። መቶኛው ክፍል ላይ ሁሉም ይወዷታል። ውዴ እየሳቀች፣ «እኔን ቢገጨኝ የምነቃው መሸንቲ ነው» ትል ነበር።

አምባቸው የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ለሆቴሉ ሦስት ሰዎች ሊቀጥር ነበርና የትምህርት ማስረጃቸውን ለማረጋገጥ ወደ እኛ መስኮት መጣ። ሦስት ማስረጃ ለማረጋገጥ አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለሰ። ሚስቱ ዜማ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፎ ነበር። ዜማ የደቅ ደሴት ልጅ ነበረች፤ አንዲት ሴት ልጅ፣ ሔራንን፣ ትታለት ሄደች። ሔራን ያን ጊዜ አሥር ዓመቷ ነበር፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ የምትናገረው ቃል በጣት የሚቆጠር ነው ይሉ ነበር። ውዴ ይህን ሁሉ እያወቀች አግብታው ቤቱ ገባች። እኔ «ተይ» ብያታለሁ፤ አልደብቅም።

በገባች በሳምንቷ ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ቢሮ መጣች። በዚያ ቤት መታጠቢያ ክፍል ውስጥ ቧንቧዎቹ፣ ዜማ ከመሞቷ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ተገላብጠው ነው የተገጠሙት። ቀዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሰማያዊው የፈላ ውሃ ነው። የቤቱ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ለእሷ የነገራት ግን የለም። አምባቸው «ረሳሁት» አለ። በሁለት ዓመት ውስጥ ባለሙያ መጥራትንም ረስቶታል ማለት ነው። ከሁሉ የገረመኝ ደግሞ ሔራን በር ላይ ቆማ ስትከፍተው እያየቻት ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

«ምን አልሻት?» አልኋት ውዴን።

«ምን እላታለሁ? እሷም እኮ ያየችኝ ሙቁን አውቀው እንደሆን ብላ ነው።»

ነገሩ ያን ጊዜ አልገባኝም። ይህች ልጅ ጨካኝ ናት ብዬ ተናደድሁ። አሁን ግን የማፍረው በራሴ ነው።

ስለ ወይዘሮ አደይ ደግሞ ልንገራችሁ። የአምባቸው ታላቅ እህት ናቸው፤ አዲስ አበባ ከገቡ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣሉ፤ የወርቅ ጥርሳቸው ከእሳቸው ቀድሞ ይገባል። በመጡ ቁጥር የዜማን የብር ማንኪያዎች ከመሳቢያ አውጥተው ይቆጥራሉ። ውዴ ፊት። አንድ ቀን ቢጎድል ምን ሊሉ እንደተዘጋጁ እግዚአብሔር ይወቅ። ዋናው ጉዳያቸው ግን ሔራን ናት። «የወንድሜ ልጅ በእንጀራ እናት እጅ አታድግም» ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። ዘንድሮ ነሐሴ ላይ ሲመጡ ቁርጡን ተናገሩ፤ ትምህርት ሳይከፈት ሔራንን አዲስ አበባ ይዘዋት ይሄዳሉ። አምባቸው ለእህቱ የሰጠው መልስ «እስቲ እናያለን» የሚል ነበር። ምን እንደሚያይ አልተናገረም።

ውዴ ያን ሳምንት ሳቋ ጠፋ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያቺን ልጅ በቀስታ ስታቀርባት ከርማለች። የድሮ ስልኳን ሰጥታታለች፤ እኛ የምናነባቸውን ልብ ወለዶች አብረው ያነባሉ፣ አብረው ይስቃሉ። ልጅቷ መናገር ጀምራ ነበር። አሁን «እናያለን» ተብሎ ልትወሰድባት ነው።

በዚህ መሃል ነው ወይዘሮ አደይ አንድ እኩለ ቀን ቢሯችን ድረስ የመጡት። ውዴ አልነበረችም። ስልካቸውን ከፊቴ አኑረው፣ «አንብቢው። አንቺም ጓደኛዋ ነሽ፤ ምስክር ትሆኛለሽ» አሉኝ።

የሚያውቋት ሴት የላከችላቸው ነው። «በሰው ገላ» የሚል ተከታታይ ታሪክ ነበር፤ የተከፈተው ክፍል አሥራ ሁለት ነው። እንዲህ ይላል፦

«ይህ ቤት የእኔ ነው። አልጋውም የእኔ ነው። ባልየውም የእኔ ነው። የወርቅ ጥርሷ ሴትዮ ማንኪያዎቼን ስትቆጥር ዝም ብዬ አያታለሁ። ማን መሆኔን ብታውቅ በሩን ሳትዘጋ ትሮጥ ነበር። የሞተችዋ የሄደች መስሏቸዋል። እኔ ግን እዚሁ ነኝ፤ በዚህ ገላ ውስጥ።»

ሆቴሉ፣ ጀልባዎቹ፣ ማንኪያዎቹ፣ ሁሉም እዚያ አለ። «አስተያየት ካላችሁ» ተብሎ ከሥር የተጻፈው አድራሻ የውዴ ነው።

«የሟችን ቦታ መውሰድ አነሳትና ሟችን ነኝ ማለት ጀመረች» አሉ ወይዘሮ አደይ። «ይሄ ጥንቆላ ነው። ለዚህች ሴት ነው ልጅ ትቼ የምሄደው? የዜማን የንስሐ አባት ከደቅ አስጠርቻለሁ። እሑድ ይሰሙታል።»

ውዴ ስትመጣ በቁጣ ተቀበልኋት። ይህን ያህል ዓመት ፊት ለፊቴ ተቀምጣ፣ እንዲህ ያለ ነገር ስትጽፍ አንድ ቀን ሳትነግረኝ። ደግሞስ የባሏን እህት ጥርስ ለሕዝብ መዝራት ምን ይባላል?

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አልኋት።

«እኔ ነኝ» አለች። «ሌላ አትጠይቂኝ፣ የብርጓል።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሆቴሉ ግቢ፣ ከሐይቁ ፊት ለፊት፣ ማንጎው ሥር ተሰበሰብን። ዝናቡ ለጊዜው ቆሞ ነበር። አባ ሀብተ ሥላሴ ቅዳሴ አድርሰው በአምባቸው ጀልባ ተሻግረው መጡ፤ ሰማንያ የተጠጉ፣ ቀጭን አባት ናቸው። ከሽማግሌ ወገን ጎረቤቱ ጋሽ ገድሉ ነበሩ፤ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። አምባቸው በእጁ የጀልባ ቁልፍ ይዞ እያሽከረከረ መሬት መሬት ያያል። ሔራን ወደ ክፍሏ እንድትገባ ተደርጋለች። ውዴ ለብቻዋ በተቀመጠ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ወንበሩን ለብቻው ያስቀመጡት ወይዘሮ አደይ ናቸው።

ክሱን አሰሙ። ሲጨርሱ ፍርዱንም ራሳቸው ጨመሩበት፤ ሔራን ማክሰኞ አብራቸው ትሄዳለች፣ ሴትዮዋ ደግሞ ወደመጣችበት ትመለሳለች። አምባቸው ቁልፉን ማሽከርከር አላቆመም። ተነስቼ ቁልፉን ወስጄ ሐይቁ ውስጥ ልጥለው ምን ቀረኝ።

አባ ወይዘሮ አደይን ቀስ ብለው ጠየቁ። «ልጄ፣ ንባቡን ከየት ነው የጀመርሽው?»

«ከአሥራ ሁለተኛው ክፍል ነው አባቴ። የላኩልኝ እሱን ነው።»

«የቀረውስ?»

«ይሄ አይበቃም?»

«እኛ ዘንድ ከመካከል የሚጀመር ንባብ የለም» አሉ አባ። «ድርሳንም ሆነ ገድል ሲነበብ ከመጀመሪያው ነው። ክስም እንደዚያው ነው። ማን ያነብልናል? የእኔ ዓይን ደክሟል።»

ስልኩ ወደ እኔ መጣ። ከክፍል አንድ ጀመርሁ።

«ስሜ ወለተ ኪዳን ነው። ሐኪም ቤት ተኝቼ ነበር። ልጄ ውሃ ልትገዛልኝ ወጣች። እስክትመለስ አልጠበቅኋትም። ዓይኔን ስገልጥ መሸንቲ ገበያ ውስጥ፣ ነጭ ሽንኩርት ፊት ለፊት ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት። እጄ የእኔ እጅ አይደለም።»

አባ ጣታቸውን አነሱ። «እስቲ ስሟን ድገሚልኝ።»

«ወለተ ኪዳን።»

«ቀጥይ» አሉ። ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

ቀጠልሁ። ታሪኩ ከሚባለው ሌላ ሆኖ አገኘሁት። አንዲት የሀብታም ሚስት ሞታ በድሃ ሴት ገላ ነቅታለች፤ ሽንኩርት መሸጥ ደግሞ አታውቅበትም። «አንዷ በግማሽ ዋጋ ስጪኝ አለችኝ፤ አዘንሁላትና ሰጠኋት። ሌላዋ በነጻ ስጪኝ አለችኝ፤ ለእሷም አዘንሁላት። ቀትር ሳይሆን ሽንኩርቱ አለቀ፤ የገላዬ እናት ልትደበድበኝ ተነሳች።» ጋሽ ገድሉ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ከዚያ ሴትዮዋ ወደ ባሕር ዳር መጥታ መዝገብ ቤት ትቀጠራለች። አንድ ሰው ሦስት ማስረጃ ይዞ አሥራ አንድ ጊዜ ይመላለስባታል። «ባሌ ነው። እኔን ለሁለተኛ ጊዜ ለማግባት ያፍራል። ያኔ የነገረኝን ቀልድ ደገመልኝ፤ እንደ አዲስ ሳቅሁለት።» የአምባቸው ቁልፍ ቆመ። በመዝገብ ቤቱ ውስጥ ቶሎ የምትቆጣ፣ ባጃጅ ውስጥ ሰው የምትሰድብ ጓደኛም አለች። እሱን ፈጠን ብዬ አነበብሁት።

ሟቿ ሴት ወደ ገዛ ቤቷ የእንጀራ እናት ሆና ትገባለች። የባሏ እህት የገዛ ድስቷ የት እንዳለ ታሳያታለች፤ የገዛ ልጇ በር ትዘጋባታለች። ክፍል አሥራ አንድ ላይ እንዲህ ይላል፦

«መታጠቢያ ክፍል ገባሁ። ሙቁ ሰማያዊው መሆኑን የነገረኝ የለም። እኔ ግን በቀስታ፣ በጥቂቱ ከፈትሁት፤ እጄም አልተቃጠለም። ልጄ በር ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ያን ጊዜ አወቀችኝ።»

እዚህ ላይ ማንበቡን አቆምሁ። የውዴን ፋሻ በዓይኔ አይቻለሁ። ውዴ ያንን ቧንቧ እስኪበቃው ከፍታ እጇን ልጣለች። ይህን ያየችና እንዲህ በሆነ ኖሮ ብላ የተመኘች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም ክፍሏ ውስጥ ተዘግታለች።

«አሥራ ሁለተኛውን አንብቢዋ» አሉ ወይዘሮ አደይ፤ ድምፃቸው ግን እንደ ቅድሙ አልነበረም። አነበብሁት። ይህ ቤት የእኔ ነው፣ አልጋውም የእኔ ነው። አሁን ግን ሁሉም የሚሰማው ሌላ ነገር ነበር።

አባ ወደ ውዴ ዞሩ። «ልጄ፣ ይህቺ ወለተ ኪዳን ማን ናት?»

«ስም ነው አባቴ» አለች ውዴ። «ለታሪኩ ያወጣሁት ስም ነው።»

«አንቺ አላወጣሽውም። እኔ ነኝ ያወጣሁት» አሉ አባ። «ዜማን ደቅ ላይ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። አስከሬኗ ላይ ፍትሐት ያደረስሁትም እኔ ነኝ፤ 'ነፍሳ ለአመትከ ወለተ ኪዳን'፣ የአገልጋይህ የወለተ ኪዳን ነፍስ፣ ብዬ። ሰው ሁሉ ዜማ እያለ ያለቅስ ነበር። በክርስትና ስሟ ሰው ፊት የተጠራችው ያን ቀን ብቻ ነው። አንቺ ያኔ አልነበርሽም። ባሏ ነግሮሻል?»

አምባቸው ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ወይዘሮ አደይ፣ «እኔም አላውቀውም ነበር» አሉ። ማንኪያ ሲቆጥሩ የኖሩላት ሴት እግዚአብሔር ፊት በምን ስም እንደምትጠራ አያውቁም። ይህን ጮክ ብዬ ልናገር ነበር፤ ፊታቸውን አይቼ ተውሁት።

«እኔ ነኝ የጻፍሁት» አለ አንድ ድምፅ። ሔራን ደጃፉ ላይ ቆማለች። በባዶ እግሯ ነው የወጣችው፤ የውዴን የድሮ ስልክ በሁለት እጇ ይዛለች። «ስሟን መቃብሩ ጋ ሰማሁት። ማን መሆኗን አባዬን ጠየቅሁት፤ ያለቅስ ስለነበር አልሰማኝም። እማዬ መሆኗ ኋላ ገባኝ። ውዴ ቻናሉን በራሷ ስም የከፈተችልኝ ሰው እንዳያውቅብኝ ብላ ነው።»

«ለምን ዋሸሽ ታዲያ?» አለ አምባቸው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የተናገረው የመጀመሪያው ቃል መሆኑ ነው፤ እሱም ለውዴ።

ያን ጊዜ ውዴ ተቆጣች። በዘጠኝ ዓመት ስትቆጣ ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። «ምን ልበል ኖሯል? ልጅቱ እናቴ በሰው ገላ ተመልሳለች ብላ ጻፈች ብል፣ እትዬ አደይ አእምሮዋ ተነክቷል ብለው ያኑ ቀን ይዘዋት አይሄዱም? አንተስ 'እናያለን' ከማለት ሌላ ምን ታደርግ ነበር? እኔ ብባረር መሸንቲ እናት አለችኝ። እሷ ብትሄድ ማን አላት?»

ከሐይቁ በኩል ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ። ጋሽ ገድሉ ጋቢያቸውን አውልቀው የልጅቷ ትከሻ ላይ ጣሉላት።

አባ ሔራንን አጠገባቸው አስቀመጧት። «ነፍስ በሰው ገላ አትገባም፣ ልጄ። ይህን ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ አባቴ። ልብ ወለድ ነው።»

«ልብ ወለድ መሆኑን ካወቅሽ የሚያስቀስፍ አይደለም። መጨረሻው ምን ይሆናል?»

ሔራን ስልኩን አገላበጠችው። «ሃያ ሦስተኛው ላይ ቆሜአለሁ። መጻፍ አልቻልሁም።»

«ለምን?»

«እማዬ ማረፍ አለባት። ሁልጊዜ እንደዚህ አትኖርም፤ ሰው ገላ ውስጥ ይደክማታል። ግን እሷ ስትሄድ ባለገላዋ ትነቃለች። የመሸንቲዋ ሴት። ቤቱን አታውቀውም፣ እኛንም አታውቀንም። እዚህ ምን አመጣኝ ብላ ትሄዳለች።» ቀና አላለችም። «ስለዚህ እማዬን አላሳርፋትም። ሁለቱም ይሄዱብኛል።»

ወይዘሮ አደይ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ያዙ። አላዘንሁላቸውም አልልም፤ ብዙ ግን አላዘንሁም።

ውዴ ለብቻው ከተቀመጠው ወንበር ተነስታ መጥታ መሬት ላይ፣ ሔራን እግር ሥር ተቀመጠች። ቀኝ እጇን ዘረጋችላት። ከአውራ ጣቷ ሥር እስከ አንጓዋ የተቃጠለው ቦታ አሁንም ነጣ ብሎ ይታያል።

«ሙቁ የትኛው ነው?» አለቻት።

«ሰማያዊው።»

«እኔ ታዲያ ማን ነግሮኝ አወቅሁ?»

ሔራን ጠባሳውን አየችው። በጣቷ ነካ አደረገችው።

«ቤቱን አውቀዋለሁ፤ ተቃጥዬ ነው ያወቅሁት» አለች ውዴ። «እናትሽን አሳርፊያት። ባለገላዋ የትም አትሄድም።»

አምባቸው ቁልፉን ኪሱ ከተተና ለእህቱ፣ «ልጄ ከቤቷ አትወጣም» አለ። ይህን ለማለት የንስሐ አባት ከደቅ መምጣት፣ ሽማግሌ መቀመጥ፣ እኔም አሥራ ሁለት ክፍል ማንበብ ነበረብን። ዛሬም ሳስታውሰው ያናድደኛል።

ወይዘሮ አደይ ማክሰኞ ለብቻቸው ሄዱ። ከመሄዳቸው በፊት ሔራንን ጠርተው፣ ጥርሱን እንኳ ብትተይልኝ ብለው ለመኗት። አልተወችውም፤ ግን ክፍል ሃያ አራት ላይ የወርቅ ጥርሷ ሴትዮ ማንኪያዎቹን አውጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሾርባ ትጠጣባቸዋለች። አባ ሀብተ ሥላሴም መልእክት ልከዋል፤ መጨረሻው ሲወጣ የሚያነብላቸው ሰው አዘጋጅተዋል።

አምባቸው ደግሞ በመስከረም መጀመሪያ፣ በተገጠመ በአምስተኛው ዓመቱ፣ ቧንቧውን የሚያስተካክል ባለሙያ ይዞ መጣ። ውዴና ሔራን ባለሙያውን ከበር መለሱት።